የጋሽ ፍሬን ውሻ ሰከረ የተባለ ሰሞን

የጋሽ ፍሬን ውሻ መጠጥ ጀመረ ተባለ።

ወሬው የተወለደው ከመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ነው። ጠዋት ሲወለድ ትንሽ ነበር፤ "ውሻው ሲንገዳገድ አየሁት" ከማለት አያልፍም። ረፋድ ላይ ጥርስ አወጣ፤ ውሻው ከመኪና ወርዶ የመብራት ምሰሶ ገጨ፣ ምሰሶውንም ይቅርታ ጠየቀ ተባለ። ምሳ ሰዓት ላይ ጢም አበቀለ፤ ውሻው ብቻውን እንደማይጠጣ፣ እሱና ጌታው ከወንበር ሥር ጠርሙስ ደብቀው በየቀይ መብራቱ እንደሚቀባበሉ ታወቀ። ወደ አመሻሹ ወሬው ትዳር ይዞ ልጆች አፍርቶ ነበር። ውሻው ሰክሮ ሲዘፍን የሰማ ሰው ሳይቀር ተገኘ፤ ድምፁ ደህና ነው፣ የዘፈን ምርጫው ግን አላስደሰተኝም አለ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል። ውሻው ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ደግሞ ያለውን አመል ለመተው ይቸገራል እንጂ አዲስ አይጀምርም። ቆርኪ መክፈት ጣት ይጠይቃል፤ መዳፍ አይበቃም። ጋሽ ፍሬን ራሳቸው ከውሃና ከሻይ ሌላ በጉሮሯቸው ያለፈ ነገር የለም፤ ሻዩንም ቢሆን እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁታል፣ "ትኩስ ነገር ያስቸኩላል" እያሉ። ታዲያ ይሄ የበሬ ወለደ ወሬ ከየት መጣ? ከየትም ይምጣ፣ ሰው ወሬ ሲጥመው የልደት የምስክር ወረቀት አይጠይቅም።

ጋሽ ፍሬን የከተማውን ግማሽ መንዳት ያስተማሩ አሰልጣኝ ናቸው። ዳኛውን፣ ዳቦ ጋጋሪውን፣ አዋላጇን፣ ዛሬ መንገድ ላይ ጡሩንባ የሚነፉባቸውን ሁሉ መሪ ያስጨበጧቸው እሳቸው ናቸው። ከተማሪው ጎን ሲቀመጡ ከእግራቸው ሥር የራሳቸው ፍሬን አለ፤ ተማሪው ሲሳሳት ይረግጡታል። ስሙም የወጣላቸው ከዚያ ነው። እግራቸው ታዲያ ሥራና ቤት መለየት ካቆመ ቆይቷል። ባለቤታቸው ቁጣ ሲጀምሩ ይረግጣል። ቴሌቪዥን ላይ መኪና ሲባረር ይረግጣል። ሶፋቸው ፊት ያለው ምንጣፍ በቀኝ በኩል ብቻ ተበልቶ ወለሉ ገጥጦ ይታያል። በልጃቸው ሠርግ ፎቶ አንሺው "እስቲ ትንሽ ወደፊት" ሲላቸው ረገጡ ይባላል፤ ይህን የሚያወራው ግን ራዲዮ ስለሆነ ግማሹን ቀንሶ መስማት ነው።

ራዲዮ የማሰልጠኛውን መኪኖች የሚጠግነው መካኒክ ነው። የሞተር ክዳን ሲከፍት አፉም አብሮ ይከፈታል፤ የሞተሩን ክዳን ሲጨርስ ይዘጋዋል።

ውሻው ማርሽ ይባላል። ቡናማ ነው፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ሆዱ የጡረተኛ። ከቡችላነቱ ጀምሮ ኑሮው የማሰልጠኛ መኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ጋሽ ፍሬን ለጀማሪ ሁሉ የሚሰጡት የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነበር፦ "ማርሽ ከተኛ ደህና እየነዳህ ነው። ቀና ካለ አጥፍተሃል። በር በሩን ካየ እኔም እወርዳለሁ።" ፈተና የወደቀ ተማሪ ሁሉ ሰበቡ አንድ ነው፤ ፈታኞቹ ማርሽን አላስገባም ስላሉ ነው።

አንድ ማለዳ ታዲያ ማርሽ ከተኛበት ሲነሣ ጭንቅላቱ ወደ ግራ ተጋድሞ ቀረ። ጥቂት እንደተራመደ ወደ ግራ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ደግሞ። አደባባይ ገብቶ መውጫው የጠፋው ጀማሪ መሰለ። ከዚያ በጎኑ ተደፋ። ጋሽ ፍሬን ምንጣፉን ረገጡ፤ ውሻው ግን አልቆመም፤ ተኝቶም ሊዞር ይታገላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይሮጥ ነበር። ጋሽ ፍሬን ግን ወደ አንድ ወገን የሚስብ ነገር ሲያዩ የሚመጣላቸው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው።

"አላይመንት ነው" አሉ።

"የማን?" አሉ ባለቤታቸው ከጓዳ። ባለቤታቸው ክሊኒክ ሠርተው ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላቸው። ከክሊኒኩ ሲሰናበቱ ይዘው የወጡት መድኃኒት ሁለት ነው፤ ስፒሪትና ቁጣ።

"የማርሽ ነዋ። ወደ ግራ ይስባል። የፊት እግሩ አንድ ነገር ሆኗል።"

"ብርድ ነው የመታው። ወገቡን በስፒሪት ሳሸው ይነሣል።"

"እንዳትነኪው! ባለሙያ ይየው።"

ባለሙያው ማሰልጠኛው ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ራዲዮ ነበር። ራዲዮ ካርቶን አነጠፈ፣ በጀርባው ተኛና ከውሻው ሥር ገባ።

"ጋሼ፣ ሻሲው ደህና ነው" አለ ከሥር።

"እግሩን እይልኝ እስቲ።"

መዳፎቹን አንድ በአንድ ተጫናቸው። "አራቱም እኩል ናቸው። ንፋስም አልጎደለባቸው።"

"ታዲያ ለምን ወደ ግራ ይሄዳል?"

ራዲዮ ከሥር ወጣ፣ እጁን ጠረገ፣ የማርሽን የተጋደመ ጭንቅላት ረጅም ጊዜ አየው። "እንግዲህ መሪው ነው፤ መሪ ደግሞ እኔ አልነካም" አለ።

ይህን ሲባባሉ ማርሽ ተነሥቶ ወደ መኪናዋ ሊሄድ ሞከረ። መኪናዋ በቀኝ ነበረች፤ እሱ በግራ ሄደ፣ ጋራዡን ለቆ መንገዱን ተሻገረ፣ ሻይ ቤቱ በረንዳ ፊት ያለውን ምሰሶ በትከሻው ገጨና እዚያው ተቀመጠ። በረንዳው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።

"ጋሼ፣ ማታ ቀማምሶ እንዳይሆን ብቻ!" አለ ራዲዮ፣ ለበረንዳው እንዲሰማ ጮክ ብሎ።

በረንዳው ሳቀ። ጋሽ ፍሬንም ፈገግ አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ቀልዱ ምሰሶውን ሳያልፍ ወሬ ሆኖ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ፍሬን ማርሽን በብርድ ልብስ ጠቅልለው የለመደው የኋላ ወንበር ላይ አስተኙት፤ ብቻውን ትተውት ለመሄድ አንጀታቸው አልቆረጠም። የመጀመሪያዋ ተማሪ የባንክ ገንዘብ ያዥ ነበረች። ገብታ ቀበቶዋን አሰረች፣ መስታወቷን አስተካከለች፣ አየር ሳበች፣ መስኮት ከፈተች። ጥቂት ሄዳ ሌላውንም መስኮት ከፈተች። ወደ ኋላ ዞራ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን፣ አንገቱ የዞረውን፣ ዓይኑ የሚቅበዘበዘውን ፍጡር አየች። ከዚያ ያለ ምንም ስህተት ጥግ ይዛ መኪናዋን አቆመች።

"ጎበዝ! እንደዛሬ ቆንጆ አቁመሽ አታውቂም!" አሉ ጋሽ ፍሬን ደስ ብሏቸው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች ቀበቶዋን እየፈታች። "እኔ ልጆች አሉኝ።"

ወርዳ ሄደች። የሄደችው ደግሞ ወደ ቤቷ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ የማሰልጠኛው ዳይሬክተር በራሷ እግር መጣች። እሷም በጊዜዋ የጋሽ ፍሬን ተማሪ ነበረች፤ ስለዚህ እያከበረች ነው የምትቆጣቸው። አንገቷን በመስኮት አስገብታ አሸተተች።

"ጋሼ፣ መኪናዋ ትሸታለች።"

"ምን ምን?"

"እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።"

ጋሽ ፍሬን አፍንጫቸው ካረጀ ቆይቷል፤ ዞረው ወደ ብርድ ልብሱ ተጠግተው በረጅሙ ሳቡ። እውነትም ይሸታል። የተደፋ መጠጥ፣ ያውም ጠንካራው፣ ያውም ብዙ! ልባቸው ደረታቸውን ረገጠው። ጥፋተኛ ያልሆነ ሰው የሚያደርገውን ትልቁን ጥፋት ያን ጊዜ አደረጉ፤ እውነቱን ተናገሩ።

"ይሸታል" አሉ። "የማን ይሆን?"

"እሱን እኮ ነው የምጠይቅዎት!" አለች ዳይሬክተሯ። "ጋሼ፣ አሰልጣኝ ጠጥቶ ያሰለጥናል ከተባለ ይሄ ቤት ይዘጋል። ቁልፉን ያስቀምጡልኝ። ሽታው ከየት እንደመጣ ካላስረዱኝ ሰኞ መኪናዋን ለሌላ አሰልጣኝ እሰጣለሁ።"

ቁልፉን ሲሰጡ እጃቸው ቶሎ አልለቀቀውም። ያቺ መኪና ለእሳቸው ሥራ ብቻ አልነበረችም፤ ከእሷ ሲወርዱ ዝም ብለው አንድ ቁመተ አጭር ሽማግሌ ናቸው። ጎን ወንበሯ ላይ ሲቀመጡ ግን ዳኛም ይታዘዛቸዋል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ወሬውን የሰሙት ከሁሉ መጨረሻ ነው። ማርሽን ታቅፈው ሲወጡ ራዲዮ ቁልፍ መፍቻውን እያሻሸ መጣ።

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ቀልዴን ነው... ሰው ነው ያበዛው።"

"ምንድን ነው ያበዛው?"

ነገራቸው። ምሰሶውን፣ ጠርሙሱን፣ ዘፈኑን። ዘፈኑ ላይ ሲደርስ ራሱም ትንሽ ጨመረበት፤ አመል ነው።

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" አሉ ጋሽ ፍሬን፤ ከዚያ ቆም ብለው ራዲዮን ጠጋ አሉና ትንፋሹን አሸተቱት። ራዲዮ ተቀየማቸው።

ቤት ገብተው የሆነውን ሁሉ ለሲስተር አወሩ። እንደ ወትሯቸው ቢሆን ሲስተር በመሃል ያቋርጧቸው፣ ዳይሬክተሯን ይሰድቡ፣ ራዲዮን ይረግሙ ነበር። ዛሬ ግን አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ወሬው ሽታው ላይ ሲደርስ ጭራሽ መሐረባቸውን ማጣጠፍ ጀመሩ።

"ሐኪም ቤት እንውሰደው" አሉ በድንገት። "አሁኑኑ።"

"ትናንት ብርድ ነው ስትዪ አልነበር?"

"ትናንት ትናንት ነው። ተነሥ፣ አንተ ሰውዬ!"

መኪና የለም። ብርድ ልብሱን ግራና ቀኝ ይዘው ማርሽን መሃል አጋድመው በእግር ወጡ። የሰፈሩ መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞ አያውቅም። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ "ዛሬም?" አለ በሐዘኔታ። ጎረቤቱ በበኩሉ "ሌላው ሰካራም ተንገዳግዶ ይገባል፣ ይሄ በሁለት ሰው ይሸኛል፤ መታደል ነው!" አለ። ጋሽ ፍሬን መሬቱን እየረገጡ ሄዱ።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ናት። ማርሽን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ አገጩን ያዘችና ዓይኑን አሳየቻቸው። ብሌኖቹ ወደ ጎን ሸርተት፣ መለስ፣ ሸርተት፣ መለስ ይላሉ።

"ዋይፐር!" አሉ ጋሽ ፍሬን።

"በትክክል፣ አባባ። ዋይፐር ይመስላል።"

"አባባ" መባሉን አልወደዱትም፤ ግን ጊዜው አልነበረም። "ሊሞትብኝ ነው?"

"አይሞትም። ሰው ሲያየው ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰ ይመስለዋል፤ የእሱ ግን ከጆሮው ውስጠኛ ክፍል ነው። ሚዛን የሚጠብቀው እሱ ነው። የሸመገሉ ውሾች ላይ እንዲህ በድንገት ይመጣል። እናንተ እሱ የሚዞር ይመስላችኋል፤ ለእሱ ግን የሚዞረው ቤቱ ነው። ውሃና ምግብ አፉ ድረስ አቅርቡለት፣ ደረጃ አታስወጡት፣ መኪናም ይቅርበት። አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንት ይሻላቸዋል። ጭንቅላቱ ትንሽ ዘመም እንዳለ ሊቀር ይችላል።"

ጋሽ ፍሬን ተነፈሱ። ሐኪሟ ግን ወደ ውሻው ወገብ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ሸበሸበች።

"ይሄን ሁሉ አልኮል ማነው የቀባው?"

ጋሽ ፍሬን ለተማሪ እንደሚያስተምሩት አደረጉ፤ መጀመሪያ በዓይናቸው ጥግ አዩ፣ ቀጥሎ አንገታቸውን ቀስ አድርገው አዞሩ። ሲስተር ጣሪያውን ያጠናሉ።

"ወገቡን ብቻ ነው" አሉ ሲስተር ለጣሪያው። "አንተ እንቅልፍህን ስትለጥጥ። ትንሽ ነገር።"

"ስንት ጠርሙስ?"

"በሽተኛ ፊት ጠርሙስ ይቆጠራል እንዴ?"

"አንቺ ሴት! እንጀራዬን እኮ ነው ያሳጣሽኝ!"

"እኔ ነኝ? ውሻ ታሞ መካኒክ ጋ የወሰደው ማነው? ዘይቱን አላስቀየርክለትም?"

"እባካችሁ፣ እሱ ቤቱ ይዞርበታል፣ እናንተም አትዙሩበት" አለች ሐኪሟ። "ሁለተኛ ግን አልኮል አይነካው፣ እማማ። ይልሰዋል። መርዝ ነው።"

ሲስተር በሕይወታቸው ስፒሪት መርዝ ነው ሲባል የሰሙት ያን ቀን ነው። ቤት ገብተው ውሻውን በለብታ ውሃ አጠቡት፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ የክሊኒኩን ነጭ ጋወን ከቁም ሳጥን አወጡ፣ የስፒሪቱን ጠርሙስ ኪሱ ውስጥ ከተቱ።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ያበላሸሁትን ላስተካክል። አንተ ውጪ ትቆማለህ።"

ጋሽ ፍሬን የዳይሬክተሯ ቢሮ በር ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ቆሙ። ከውስጥ መጀመሪያ የተሰማው የጠርሙስ ቂጥ ጠረጴዛ ሲመታ ነው።

"ሰካራሙ ይኸውልሽ" ይላሉ ሲስተር። "እጅሽን አምጪ።"

"ሲስተር፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"እጅሽን አምጪ አልኩሽ! አሽቺው። መኪናዋ ይሄን አይደል የሸተተችው?"

ከዚያ የዳይሬክተሯ ድምፅ ተለወጠ፤ የሕፃን ሆነ። "መርፌ መርፌ ይላል።"

"እንዴት አይል! አንቺንስ በልጅነትሽ የወጋሁሽ በዚሁ ጠርጌ አይደል? ያኔም እንዲሁ ጮኸሽ ክሊኒኩን ሰብስበሽብኛል። ውሻውን ወገቡን ያሸሁት እኔ ነኝ። የታመመው ጆሮው ነው። ሐኪሟ አለች፣ ሄደሽ ጠይቂ። በይ ቁልፉን!"

ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ ተሰማ። መርፌ የተባለ ነገር ሲነሣ ሰው ተቀምጦ መቅረት አይችልም። ቁልፉ በዚያው ደቂቃ ወጣ፤ ውሻው እስኪድን ቤት ይቀመጥ፣ መኪናዋም ትናፈስ ከሚል ትእዛዝ ጋር።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስላል። ቁልፉ ተመለሰ፤ ተማሪ ግን አልተመለሰም። ሰኞ ጋሽ ፍሬን ጎን ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ የመሪው ወንበር ባዶ ነበር። ማክሰኞም ባዶ ነበር። ዳይሬክተሯ አዲስ ተማሪ ስትመድብላቸው ተማሪው ጉንፋን ይይዘዋል። ዳይሬክተሯ ስለ ስፒሪቱ ብትናገርም ሰሚ አላገኘችም፤ የስፒሪቱ ታሪክ እውነት ከመሆን በቀር ምንም ጣዕም አልነበረውም። ሰነባብታም ባዘነ ድምፅ "ጋሼ፣ መኪናዋ ያለ ተማሪ ቆማ እንድትውል ማድረግ እኮ አልችልም" አለቻቸው።

ማርሽ በበኩሉ ቀስ እያለ ተነሣ። መጀመሪያ ዓይኑ ረጋ፣ ከዚያ እግሩ ቀና፣ ከዚያ ጓዳው ድረስ ሳይዞር ደረሰ። ጭንቅላቱ ግን ሐኪሟ እንዳለችው ትንሽ ዘመም ብሎ ቀረ፤ ለዘላለም "ምን አልክ?" የሚል ይመስላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ፍሬን ይዘውት ወደ ሻይ ቤቱ ወጡ። ማርሽ መንገዱን በቀጥታ ተሻገረ። ምሰሶውን በሩቁ አልፎ ከጋሽ ፍሬን ጠረጴዛ ሥር ተኛ።

በረንዳው ላይ አንዱ አጨበጨበ። ሌላው ተከተለ።

"ተወ!" አለ ራዲዮ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "ጋሼ፣ ተወ አይደል? በስንት ትግል!"

"ፊቱ እኮ ጠርቶለታል" አለ ልብስ ሰፊው።

አንዲት ሴትዮ ከጥግ ጠረጴዛ ተነሥታ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች። "ጋሼ፣ ያስተወችው ሐኪም የት ነው ያለችው? እኔም ባሌን ልወስደው ነው። እሱ አይናከስም።"

የባንክ ገንዘብ ያዧም እዚያው ነበረች። ፊቷ በደስታ ፈክቷል። "ጋሼ፣ ሰው ሲተው እንደማየት ደስ የሚል ነገር የለም። እርስዎም አብረው ተዉ አይደል? ነገ ጠዋት ልምጣ? እህቴንም አመጣታለሁ።"

"እኔም የወንድሜን ልጅ" አለ ሌላው።

ጋሽ ፍሬን አፋቸውን ከፈቱ። ራዲዮ ክርናቸውን ያዝ አደረጋቸው።

"ጋሼ፣ ዝም ይበሉ" አለ በሹክሹክታ። "አዎ ተውን ይበሉና ይለፍ። ሰው እኮ ከማይጠጣው ይልቅ የተወውን ነው የሚያምነው። ነገ ወንበሩ ይሞላል። ምን ጎደለብዎት?"

እውነቱን ነበር፤ ራዲዮም በዓመት አንዴ ይሳካለታል። አንድ ቃል ብቻ፣ አሊያም ዝምታ፣ እና ነገ መኪናዋ ሞልታ ትውላለች። የጋሽ ፍሬን ቀኝ እግር ከጠረጴዛው ሥር ተነሣ፣ ሊረግጥ ፈለገ፣ አንድም ነገር አላገኘም። ቆሙ። ሻያቸውን ገና ሳይቀዘቅዝ ጠጥተው ጨረሱት። ምላሳቸው ተቃጠለ፤ ግድ አላላቸውም።

"ማርሽ መጠጥ አልተወም" አሉ።

በረንዳው ደነገጠ። ገንዘብ ያዧ ቦርሳዋን ያዘች።

"አልተወም፤ ምክንያቱም አልጀመረም" አሉ ጋሽ ፍሬን። "ቀምሶ አያውቅም። እኔም ቀምሼ አላውቅም። የታመመው ጆሮውን ነው፤ የሸተተው የባለቤቴ ስፒሪት ነው። ከእኔ ጋር መንዳት የሚፈልግ፣ ያልጠጣ ሰው ያስተምረኝ ብሎ ይምጣ፤ የተወ ሰው የሚፈልግ ሌላ ይፈልግ። ያወራችሁት ሁሉ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው፣ ውሸት ነው።"